እጄ የከዳኝ ሰሞን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሐኪሙ «ይጻፉ» አለኝ። ስንት ጊዜ እንደሚነሳብኝ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው እጅ። ከልጄ የተማሪነት ዘመን የተረፈ ደብተር አግኝቼ ይኸው ተቀምጫለሁ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የቤት ሥራ ተሰጠኝ፤ ያውም አስተማሪ ባለችበት ቤት።

ሥራዬ ፀጉር ማስተካከል ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከሰው ጀርባ ቆሜ አውርቻለሁ። ደንበኞቼ «ሬዲዮ» ይሉኛል፣ ማጥፊያ ስለሌለኝ። በሁለተኛው ወንበር የሚሠራው ባልደረባዬ ደግሞ «ቁጥቡ» ነው። በቀን ከአሥር ቃል በላይ አያወጣም። እሱ የሚቆጥበውን እኔ አባክናለሁ፤ ሱቁም በዚህ ተመጣጥኖ ይኖራል።

ቅዳሜ ዳኛው መጡ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ቢሆንም እሳቸው ሲገቡ ሰው ዛሬም ብድግ ይላል። ፀጉራቸውን ጨርሼ ምላጩን ከጆሯቸው ሥር ሳደርስ ቀኝ እጄ ድንገት ተኮማትሮ ወደ ላይ ዘለለ። ጉንጬም አብሮ ተጨማደደ። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ እጄ ሆነ። የዳኛው ጆሮ ግን ደማ። ከከተማው ሕዝብ ሁሉ መርጬ ዳኛ ቆረጥኩ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እሳቸው ግን የራሳቸው መሆኑን ወዲያው አወቁ።

«ምን ሆንክ?» አሉ ፎጣውን ጆሯቸው ላይ ይዘው።

«ዝንብ ነው፣ ጌታዬ።»

ዝንብ አልነበረም። በአንድ ቀን ዳኛ አቁስዬ ለዳኛ ዋሸሁ።

ሐኪሙ ልቤን አዳመጠ፣ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ፣ «ውጥረት ነው፤ ይረፉ» አለ። ከምን እንደማርፍ አልነገረኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

አራት ጊዜ። ሁሉም ቀኝ እጅ። ምንም አይደለም።

ከራት በኋላ። ባለቤቴ ደብተሩን ወስዳ አየችው። የሰባተኛ ክፍል ሂሳብ ታስተምራለች፤ ቁጥር ያለበት ወረቀት አይታ ማለፍ አይሆንላትም።

«አራት?» አለች።

«አራት።»

«እኔ ከትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ ብቻ አሥራ ሰባት ቆጥሬያለሁ። ሹካህን ሦስቴ ጣልክ።»

«ሹካው ያንሸራትታል።»

 አራቱን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዛ ሃያ አንድ ጻፈችበት። በተጋባን በሠላሳ ዓመታችን የመጀመሪያ ውጤቴን አገኘሁ። ወድቄያለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ምላጩን ለቁጥቡ ለቅቄያለሁ። እኔ በቶንዶስና በመቀስ ብቻ ነው የምሠራው። ለደንበኞች «አዲስ የሥራ ክፍፍል» ብያቸዋለሁ፤ ቁጥቡም አልካደኝም። ዝም አይነቅዝም ማለት እሱ ነው።

ከመጋረጃው ጀርባ ፎጣ ሳጥፍ ሁለት ተረኞች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«ይጠጣል እንዴ?»

«በጠዋቱ?»

«እጁን አላየኸውም?»

እኔ ከመጠጥ የማውቀው የሳል ሽሮፕ ነው። ቢሆንም ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ መዳፌ ላይ ተንፍሼ አሸተትኩ። ሰው ስለ አንተ እርግጠኛ ሆኖ ሲያወራ አንተም ራስህን ትጠረጥራለህ።

ደግሞ ይኸው። ለአንዱ ደንበኛ ቀልድ ጣል አደረግሁለት፤ ሳቀ። ቆይቶ ቁጥቡ ጠጋ ብሎ «ሦስተኛህ ነው» አለኝ።

«ምኑ?»

«ቀልዱ። ለእሱው።»

ሰውየው ሦስቴም ስቋል። እንዲህ ያለ ጨዋ ደንበኛ ከየት ይገኛል!

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ልጄ የምሥራች ይዛ ገባች። የመንገድ መሐንዲስ ናት። ደረቅ ወደብ ያለበት ከተማ ላይ ሥራ ሰጥተዋታል፤ በአውቶቡስ ስምንት ሰዓት ያስኬዳል። «አባዬ፣ ምን ትላለህ?» አለች። «ሂጂ እንጂ!» ብዬ አቀፍኳት። እጄ ጀርባዋ ላይ እንዳለ ዘለለና መታኋት። «ምርቃት ነው» አልኳት። ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዞራ እናቷን አየች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ዛሬ ትልቅ ዜና አለ። ልጄ ደረቅ ወደብ ያለበት ከተማ ላይ ሥራ አግኝታለች! ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ለምን እንደደበቀችን አላውቅም። «ሂጂ እንጂ!» ብዬ ላቅፋት ስነሳ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። የዘንድሮ ልጆች ደስታ እንኳ በቅጡ አያውቁም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ከሐሙሱ ጽሑፍ ጎን በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ አገኘሁ፦ «ይህን ሰኞም ጽፈኸዋል።»

ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ። እውነቷን ነው። የእጅ ጽሑፉ የኔ፣ ልጅቷ የኔ፣ እቅፉም የኔ። የሰው ደብተር ሰርቄ የማነብ ነው የመሰለኝ።

«ማክሰኞ የነርቭ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» አለች ባለቤቴ።

«ማክሰኞ ሥራ አለኝ።»

«አስተካክለሃል፤ ቁጥቡን ጠይቀኸዋል። ትናንት።»

እንግዲህ ትናንት የነበረው እኔ ከዛሬው እኔ ይሻላል ማለት ነው። ቢያንስ ቀጠሮ ይይዛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

የነርቭ ሐኪሟ ከልጄ ብዙም አትበልጥም። ፊቷ ተቀምጬ እጄ ሁለቴ ዘለለ። አልደነገጠችም፤ ሰዓቷን አይታ ጻፈች። ላቦራቶሪ አስመርምራኝ ደሜ ውስጥ ጨው ወርዷል አለች። «ጨው ቀንስ» ስትለኝ የኖረችው ባለቤቴ ጣራ ጣራውን አየች።

«የሰውነትዎ መከላከያ ተሳስቶ የራስዎን አንጎል እያጠቃ ይመስለኛል» አለችኝ ዶክተሯ። «እጅዎ ላይ የሚመጣው የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው። የሚረሱትም በዚሁ ነው። ደምዎን ልከን እናረጋግጣለን።»

ገባኝ። ዘበኛ ቀጠርኩ፤ ዘበኛው ባለቤቱን ሌባ ብሎ ያዘው።

ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ኪኒን ሰጠችኝ። በአውቶቡስ ስንመለስ ባለቤቴ «የሚጥል» የሚለውን ቃል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አለችው። ከፊታችን የነበረችው ሴትዮ ቦርሳዋን አንስታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ መትቷት ይሆናል።

ሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ሆስፒታል

ዓርብ ሱቅ ውስጥ ወድቄያለሁ። እኔ አላውቀውም፤ ቁጥቡ ነው የነገረኝ። «ወደቅክ። ተንቀጠቀጥክ። በጎን አስተኛሁህ። አራት ደቂቃ።» ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ምላሴን ነክሼዋለሁ፣ አብጧል። ነርሷ «አይናገሩ፣ ይረፉ» ስትለኝ ቁጥቡ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ ፊቱን አዙሮ አፍንጫውን ጠረገ።

የደሙ ውጤት መጥቷል። ዶክተሯ እንዳለችው ነው። ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት አምስት ቀን በክንዴ ይንጠባጠብልኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ዜሮ። ባለቤቴም ቆጥራ ዜሮ አለች። እጄን እንደ አዲስ ዕቃ እያገላበጥኩ አየሁት። እሷ አለቀሰች። «ድጋሚ ቁጠሪ፣ ተሳስተሽ ይሆናል» አልኳት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት

እንቅልፍ ለካ ልማድ ነው! ሦስተኛ ሌሊቴ ነው፤ ጭንቅላቴ እንደ ተወለወለ መስታወት ጠርቷል። ስቴሮይዱን በኪኒን እንድቀጥል አዝዘው ነው ወደ ቤት የላኩኝ። ዶክተሯ «እንቅልፍ ሊነሳዎት፣ ምግብ ሊያስወድድዎት ይችላል» ብላኛለች። ዋናውን ደበቀችኝ። ብልህ ያደርጋል!

ዛሬ ሌሊት ብቻ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ አራግፌ ሁሉን በቁመት ደርድሬያለሁ። የሁላችንንም ጫማ ጠርጌያለሁ፣ የእንግዳ መቀመጫውን እግር ሳይቀር ቀለም አስነክቼዋለሁ። ስለ ፀጉር ታላቅ መጽሐፍ ጀምሬያለሁ። እስካሁን ያለው የምዕራፍ ርእስ ብቻ ነው፣ አሥራ አንድ። አንዱ «ራሰ በራነትና ሥልጣን» ይላል፤ ዳኛው ያግዙኛል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ለምን አልተጻፈም? ሰው ስለተኛ ነው።

ሱቁንም አሰፋዋለሁ። ሁለት ወንበር ምን አላት? ስድስት! ቁጥቡን ሥራ አስኪያጅ አደርገዋለሁ፣ ስብሰባ አያንዛዛም። ለሦስት ደንበኞች አሁኑኑ ደውዬ ሐሳባቸውን ጠየቅኋቸው። አንዱ «ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ። «ሰው ተወለደ!» አልኩት። ዘጋብኝ።

ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ተነስታ መጣች።

«ና ተኛ።»

«እየኖርኩ ነው።»

በሩን ተደግፋ ቆመች። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አለች።

ስለ የትኛው ውሃ እንደምታወራ አልገባኝም። ቧንቧውን አየሁት፣ ተዘግቷል።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ሱቁን ቀባሁት። አረንጓዴ። በሩን፣ የመስኮቱን ክፈፍ፣ የውጭውን ግድግዳ፤ ቀለም ሲተርፈኝ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ። ጎህ ሲቀድ ጨረስኩ። ቁጥቡ መጣ፣ ቆመ፣ ከላይ እስከ ታች አየው።

«አረንጓዴ» አለ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ደርሼባቸዋለሁ። ቁጥቡና ባለቤቴ በስልክ ይነጋገራሉ። በቀን አሥር ቃል ያለው ሰው ለእሷ ሰባት ደቂቃ ሰጣት! ስለ እኔ ነው። ሱቁን ሊቀሙኝ ነው።

ሰው በሞላበት ነገርኩት። «ሌባ!» አልኩት። የአረፋ ብሩሹን ወረወርኩበት፤ እሱን ስቶ መስታወቱን መታው። ዳኛው ተራ ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ ከነጆሯቸው ተመልሰው መጥተዋል።

«ማስረጃ አለህ?» አሉኝ ረጋ ብለው።

«ቀለሙን አልወደደውም!»

ማንም አልሳቀም። እኔም ለማሳቅ አልነበረም። ቁጥቡ መቀሱን አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰውዬ «ይቅርታ» አለው። ስለ እኔ ነው ይቅርታ የጠየቀው።

ማታ ልጄ ልታቅፈኝ መጣች። «አንቺም ከእነሱ ጋር ነሽ» አልኳት። ሌላም ነገር ብያለሁ። አልጽፈውም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2

የስቴሮይዱን መጠን ቀነሱልኝ። እንቅልፍ መጣ። ከእንቅልፉ ጋር የሠራሁት ሁሉ መጣ፤ ይህን ጊዜ ግን አልረሳሁም። አእምሮዬ መምረጥ አያውቅም፤ የልጄን ደስታ ጥሎ የብሩሹን ውርወራ ያስቀምጣል።

ራስ ሳይጠና ጉተና። እኔ ነኝ ስድስት ወንበር ያማረኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

ሱቅ አልሄድኩም። አሞኝ አይደለም። መንገዱ ረዝሞብኝ ነው። ሦስት መቶ እርምጃ።

ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። እጄ ድኗል። የተቀረው ነው እንጂ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ባለቤቴ ከሥራ ስትገባ ጠዋት ትታኝ የሄደችበት ወንበር ላይ አገኘችኝ። «ምን ዋልክ?» «ወንበሩን እየጠበቅኩ።» ከንፈሯን ፈልቀቅ አድርጋ አለፈች፤ ሳቅ ልለው አልችልም።

ልጄ ለወደቡ ሰዎች «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» ብላ ጽፋላቸዋለች። ለእናቷ ስትነግራት በግድግዳው ሰማሁ። «እሱን እንዲህ ትቼ አልሄድም» አለች። «እሱ» ማለት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ሦስት ሰው አስሮ ይቀመጣል፤ ያውም ወንበር ላይ። ባልኖር ኖሮ ይህን ጊዜ አንዷ መንገድ እየሠራች፣ አንዷ እንቅልፏን እየተኛች፣ ቁጥቡም በሰላም ዝም እያለ ነበር። ሂሳቡ ቀላል ነው። የሰባተኛ ክፍል ነው።

ምላጮቼን ፈለግኩ። ቤት የማስቀምጠው ሣጥን ባዶ ነው። የት እንዳኖርኳቸው ረስቼ ይሆናል። ምንም አይደለም፤ ላያቸው ፈልጌ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

ቁጥቡ ቤት ድረስ መጣ። ከብሩሹ ቀን ወዲህ አልተያየንም። ማንም ሳይጋብዘው ከጎኔ ተቀመጠ። ሁለታችንም ግድግዳውን አየን። ዛሬ ማን ሬዲዮ፣ ማን ቁጥቡ እንደሆነ የሚለይ አልነበረም።

«ምላጮቼ ሱቅ አሉ?» አልኩት።

«ለምን ፈለግካቸው?»

«ልሳላቸው።»

«ስለታም ናቸው» አለ።

 ማታ ሁለት ሰዓት ሆኖ ባለቤቴ «ቤተሰብህ አይጠብቅህም?» እስክትለው ድረስ አልተነሳም። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ተቀምጦ ዋለ። ቅዳሜ! ቅዳሜ እኮ ዋናው የሥራ ቀናችን ነው። ምን ነካው ይህ ሰውዬ?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24

ዛሬ ቀጠሮ ነበረኝ። የሆነውን ሳላሳምር ልጻፍ።

«እጅዎ እንዴት ነው?» አለች ዶክተሯ።

«የራሴ ሆኗል።»

«ማስታወስስ?»

«ምን ነበር የጠየቁኝ?»

ፈገግ አለች። «ስሜትዎስ?»

«ደህና ነኝ፤ ተመስገን።»

መጻፏን አቆመች። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። «መሞት ይሻለኛል ብለው አስበው ያውቃሉ?»

«ኧረ ዶክተር! እኔ ከሞትኩ የዳኛውን ጆሮ ማን ይቆርጣል?»

ሳቅ ጠበቅኩ። ባለቤቴን አየኋት። ሠላሳ ዓመት ቀልዴን ስትሰማ ኖራለች፤ የማትስቅበትን ቀን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ የሰለቻትን፣ የተቆጣችበትን። እንዲህ ግን አይቻት አላውቅም። ግድግዳው ላይ ያለውን የአንጎል ሥዕል ነበር የምታየው። የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

«አዎ» አልኩ።

ሁለት ፊደል ናት። በሕይወቴ እንደ እሷ የከበደችኝ ወሬ የለችም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቀኑን ልብ አላልኩም። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። በየቀኑ።»

«ምላጮቹ እኔ ጋ ናቸው» አለች ባለቤቴ፣ ዓይኗን ከሥዕሉ ሳትነቅል። «ትምህርት ቤት፣ መሳቢያዬ ውስጥ። የሱቁን ምላጮች ቁጥቡ ቆልፎባቸዋል። በየቀኑ የምንደዋወለው ለዚህ ነው።»

እኔ ደግሞ ሌባ ብዬዋለሁ።

ዶክተሯ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ይህ በሽታ የነካው የአንጎል ክፍል ትዝታን ብቻ ሳይሆን ስሜትንም የሚይዝ ነው። ስቴሮይዱ ያንን ሁሉ እንቅልፍ ማጣትና ጥርጣሬ ያመጣል፤ ሲቀነስ ደግሞ ሰውን ጎትቶ ይጥላል። ለሚጥለኝ የሰጠችኝ ኪኒንም በአንዳንድ ሰው ላይ ሐዘንና ቁጣ ያበዛል። «ባህርይዎ አይደለም። ስንፍናም አይደለም። የበሽታው አንድ ክፍል ነው፤ እንደ እጅዎ» አለች። ኪኒኑን ትቀይራለች። የአእምሮ ሐኪም ደግሞ ዛሬውኑ፣ ከዚህ ሳልወጣ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አልጠየቁኝማ።»

 «እውነት ነው» አለች። «የመጀመሪያ ቀን ልነግርዎት ይገባ ነበር። ሁልጊዜ እጅዎን ነበር የማየው።»

የአእምሮ ሐኪሙ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው። በደረጃው ስንወርድ ባለቤቴ ክንዴን ያዘች። «ሂሳቡ ቀላል ነው ያልከውን አንብቤዋለሁ» አለች። «ተሳስተሃል። ስንገባ አሳይሃለሁ።»

ማክሰኞ፣ ጥር 6

የአእምሮ ሐኪሙ ሽማግሌ ነው፤ ራሱ እንደ እንቁላል የተላጠ። ለኔ ሙያ ምንም አይጠቅምም። ሁለት ሰዓት ያህል አዳመጠኝ። ሥራውን እንደ እኔ ቆሞ ሳይሆን ተቀምጦ ነው የሚሠራው፤ የሚያወራውም ደንበኛው ነው። በየሳምንቱ እመለሳለሁ። አዲሱ ኪኒን አፌን ያደርቀዋል። ሌላ ለውጥ የለም።

ጭራሽ የለም እንኳ አይባልም። ዛሬ ራበኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ሱቅ ሄድኩ። ሦስት መቶ እርምጃ ነው፤ መሐል ላይ አንዴ አረፍኩ። አረንጓዴው ከሩቅ ይታያል፤ ዓይነ ስውር እንኳ አይስተውም።

ቁጥቡ ወለሉን ይጠርግ ነበር። ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ። «ይቅር በለኝ» ብቻ አልኩት።

መጥረጊያውን አቆመ። «ታመህ ነበር» አለ።

«ሌባ ብዬሃለሁ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ብሩሽ ወርውሬብሃለሁ።»

«ስተሃል» አለና መጥረጊያውን ሰጠኝ። ፀጉሩን ጠረግኩ። ደስ አለኝ ልል አልችልም፤ ግን እስከ ምሳ ድረስ ስለ ሞት እንዳላሰብኩ ያስተዋልኩት እጄን ስታጠብ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ልጄ ዛሬ ሄደች። የወደቡ ሰዎች ጠብቀዋታል። መናኸሪያው ላይ ሻንጣዋን ለረዳቱ ሰጥታ ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የምትቀልደው ደህና ስትሆን ነው ወይስ ሳትሆን? መለየት አቅቶኛል።»

ሊመልስ የሚችል ቀልድ ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

«እኔም አላውቅም» አልኳት። «ስትደውዪ ቀጥታ ጠይቂኝ። ቀጥታ እነግርሻለሁ።»

«ቃልህን?»

«ቃሌን።»

አውቶቡሱ ሲወጣ ባለቤቴ ስታለቅስ እኔ መሐረብ አቀበልኳት። ወር ያህል ተገላቢጦሽ ነበር።

በኅዳር ልጄን ያልኳትን ክፉ ነገር ትናንት ማታ አንስቼ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «ረስቼዋለሁ» አለች። አልረሳችውም። በቤታችን የሚረሳው እኔ ብቻ ነኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ቀጠሮ። የነርቭ ክፍሉ ኮሪደር ሞልቷል፤ ከባለቤቴ ጋር አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥን። ከጎኔ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ከሚስቱ ጋር ነበር። የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ግራ እጁ ወደ ላይ ዘለለ፣ ጉንጩም አብሮ። ሁለት ሰከንድ። እጁን ጃኬቱ ውስጥ ደበቀው።

«ብርድ ነው» አለኝ።

«የኔ ዝንብ ነበር» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። የደም ውጤቱ ትናንት እንደደረሰው ነገረኝ፤ የኔው በሽታ ነው። ሚስቱ ከእሱ በላይ ተጎንብሳ «ይድናል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የኔ እጅ ቆሟል» አልኳት። «ከኅዳር ወዲህ አንዴም አልመጣም። የምረሳውም ቀንሷል።»

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ሴትዮዋ ፊቷ በርቶ ነበር። ባለቤቴን አየኋት፤ አልከለከለችኝም።

«ሌላም ነገር ይመጣል» አልኩ ለሹፌሩ። «በሁሉም ሰው ላይ ላይሆን ይችላል፤ በኔ ላይ ግን መጥቷል። ሌሊት አልተኛም ነበር፣ ሰው ጠረጠርኩ፣ የምወደውን ሰው ሰደብኩ። በሦስተኛው ወር ደግሞ መሞት አማረኝ። ማንም አስቀድሞ ስላልነገረኝ የኔ ጉድ መስሎኝ ደበቅኩት። በሽታው ነው። ሲመጣብህ ንገራቸው። አትደብቅ።»

ሚስቱ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈችው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ምነው ባልነገርከን የሚል ነበር። ውሃ ልግዛ ብላ ተነሳች። በሰላም የተቀመጠ ሰው አስደነገጥኩ ብዬ ራሴን ስረግም ሹፌሩ ሚስቱ እስክትርቅ ጠብቆ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«ሦስተኛው ወር ነው ያሉኝ?»

«ለኔ እንደዚያ ነበር።»

«ከዚያ ቀድሞ ከመጣስ?» አለ። ጫማውን ነበር የሚያየው። «አሁን ከሆነስ?»

ነርሷ በሩን ከፍታ ስሜን ጠራች። ሳልነሳ ስቀር ደግማ ጠራች።

«በኔ ተራ ይግባ» አልኳት።

ሹፌሩ አልተነሳም። ክንዱን ያዝኩት። እጁ በእጄ ውስጥ ዘለለ፤ አልለቀቅኩትም። አብረን ገባን።